የጣት ኢንፌክሽን ክሌም ሲመለስ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህን የጻፍኩት አሜሪካ ውስጥ በሕክምና ኮዲንግ (በሽታንና ሕክምናን በኮድ መጻፍ) ለምትሠሩና ለምትማሩ ወገኖች ነው። ክሌም የምንለው ለሕክምናው ክፍያ ለኢንሹራንስ የሚላከውን ጥያቄ ነው። የጣት ኢንፌክሽን ቀላል ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ነው።

ክሌሙ "ጎኑ አልተገለጸም" ተብሎ መጣ

የበሽታውን ኮድ (ICD-10-CM) መጨረሻ ቁጥር ተመልከቱ። ኤል03.019 (L03.019) የእጅ ጣት ሴሉላይተስ፣ ማለትም የቆዳና ከሥሩ ያለው ሥጋ ኢንፌክሽን፣ ሆኖ ቀኝ ይሁን ግራ ያልታወቀ ማለት ነው። ቀኝ ኤል03.011፣ ግራ ኤል03.012 ነው። ለእግር ጣት ቀኙ ኤል03.031፣ ግራው ኤል03.032 ይሆናል። ሁለቱም እግር ከታመመ ሁለቱንም ኮድ ጻፉ። ሐኪሙ ጎኑን ካልጻፈ የነርሷን ማስታወሻ እዩ፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ማስታወሻዎቹ ከተጋጩ ሐኪሙን ጠይቁ። በግምት አትሙሉ።

ጎኑ ተጽፏል፣ አሁንም ተመለሰ

የሕክምናው ሞዲፋየር (ከሕክምናው ኮድ ጋር የሚጻፈው ተጨማሪ ምልክት) ላይ ሂዱ። ቲኤ የግራ እግር አውራ ጣት ነው፣ ቲ5 የቀኝ። ጥፍር የወጣው በቲኤ ተልኮ በሽታው ኤል03.031 ከተባለ፣ ግራና ቀኝ ተጋጭተዋል። የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ ቻርቱ (የታካሚው መዝገብ) ነው።

ሐኪሙ የጻፈው ቃል ግራ አጋባኝ

ፓሮኒኪያ፣ ማለትም በጥፍር ዙሪያ የሚመረቅዘው፣ ከሴሉላይተስ ጋር አንድ ኮድ ውስጥ ነው። ፌሎንም፣ ዊትሎም (የጣት ጫፍ ኢንፌክሽኖች) እንደዚያው። ጥፍሩ ወደ ሥጋ ገብቶ ከሆነ ኤል60.0 ይጨመራል። "አብሰስ" (መግል የቋጠረ እብጠት) ብሎ ከጻፈ ግን ቤቱ ሌላ ነው። ለጣት አብሰስ የተለየ ኮድ ስለሌለ የእጅ ጣት ወደ እጅ (ኤል02.51)፣ የእግር ጣት ወደ እግር (ኤል02.61) ይሄዳል፤ ከዚያ የጎን ቁጥሩ ይከተላል።

አንዷን ልብ በሉልኝ። "ሄርፔቲክ ዊትሎ" ከተባለ ቫይረስ ነው፤ ኮዱ ቢ00.89 ነው። ከኤል03.0 ጋር አብሮ አይጻፍም። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሄርፒስ ቁስል እንደ መግል አይቀደድም። ቻርቱ ላይ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ተብሎ ከተቀመጠ ቀጥሎ የሚያየውን ሐኪም ሊያሳስት ይችላል።

ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር አለ ተብሎ ሊምፋንጃይተስ (የሊምፍ ቧንቧ ኢንፌክሽን) ከተመዘገበ፣ ለእጅ ጣት ኤል03.02፣ ለእግር ጣት ኤል03.04 ነው። መስመሩን አይታችሁ እናንተ በሽታውን አትሰይሙ።

ታካሚው ስኳር አለበት

እዚህ ላይ ብዙዎች ወዲያው ኢ11.628ን (ዓይነት 2 ስኳር ከሌላ የቆዳ ችግር ጋር) ያስቀድማሉ። ስኳርና የእግር ጣት ሴሉላይተስ አንድ ቻርት ላይ ስለተገኙ ብቻ አይያያዙም። ግንኙነቱን ሐኪሙ መጻፍ አለበት። ከጻፈ ኢ11.628 ይቀድማል፣ ኤል03.031 ወይም 032 ይከተላል። ካልጻፈ፣ "ሴሉላይተሱ ከስኳሩ ጋር ይያያዛል፣ አይያያዝም ወይስ አይታወቅም?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁት። መልሱን በጥያቄያችሁ ውስጥ አትጠቁሙት። መልስ እስኪመጣ ክሌሙ ይቆይ።