ፌሪ እንዴት ይሞታል? ፋንታሲ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ፍጡራን ያሉበት ልብ ወለድ) የሚሞክሩ ወጣቶች አንዳንዴ ረቂቃቸውን ያስነብቡኛል። ብዙዎቹ ታሪካቸውን ጣና ላይ ያደርጋሉ፤ ደግ አደረጉ። ከውሃው ሥር የሚኖሩ፣ ውብ የሆኑ፣ ዘመን የማይነካቸው ፍጡራን፣ ማለትም ፌሪዎችን፣ ይፈጥራሉ። እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር የሚበላሸው ሞት ላይ ሲደርሱ ነው።

ዋናው ስህተት አለማርጀትን፣ አለመገደልንና ከሰው ዓይን መሰወርን አንድ አድርጎ መውሰድ ነው። ሦስቱ ለየቅል ናቸው። በግሪክ ተረት ቲቶኖስ የዘላለም ሕይወት ተለመነለት፤ ወጣትነት ግን አብሮ አልተለመነለትም። አረጀ፣ ጃጀ፣ መሞት ግን አልቻለም። ስኮትላንዳዊው ቄስ ሮበርት ከርክ በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ስለ አገሩ ፌሪዎች ሲጽፍ ደግሞ፣ ከእኛ እጅግ ረዝመው ቢኖሩም የኋላ ኋላ ይሞታሉ ብሏል። በእኛ አገር የዛር አመጣጥ ተረት አለ። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆችሽን አሳዪኝ ሲላት ቆንጆዎቹን ዐሥራ አምስት ደበቀች። እነሱም እንደተደበቁ ቀሩ። አይስላንድም የዚህ ዘመድ የሆነ ተረት አላት፤ እዚያ ግን ሔዋን የደበቀችው ገላቸውን ያልታጠቡትን ነው። ሁለቱም ተረቶች ስለ መሰወር ናቸው፤ ላለመሞት ዋስትና አይሰጡም።

ስለዚህ ገጸ ባሕርያችሁን መጀመሪያ እንዲህ ጠይቁት። ጥይት ይገድልሃል? ረሃብስ? ወባስ? (ጣና ዳር ነው የምትኖረው፣ ወባ አይቀርም።) መልሱን ለአንባቢ መዘርዘር የለባችሁም፤ እናንተ ግን ማወቅ አለባችሁ።

ሁለተኛው ስህተት የመሞቻውን መንገድ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ መፈልሰፍ ነው። ድንገት ከዋሻ አስማተኛ ሰይፍ ይወጣል፣ አለቀ። በግሪክ ተረት ኒምፎች የሚባሉት የዛፍ መናፍስት ዛፋቸው ሲቆረጥ አብረው ይሞታሉ። ይህን ቀድመን ስለምናውቅ ገና መጥረቢያ ሲነሳ እንደነግጣለን። ጣና ላይ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕይወቷ ታንኳ ከሚሠራበት ደንገል ጋር የታሰረች ፍጡር አስቡ። ባለታንኳው ደንገሉን ሲያጭድ ያማታል፤ መልሶ ሲበቅል ትድናለች። ሰውዬው ማታ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ እንድትደርቅ ያቆማታል፤ ካልደረቀች ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች። ፍጡሯ ሐይቁ ውስጥ ሆና የራሷ ገላ ዳር ላይ ሲደርቅ ታያለች። አልጠላችውም። እንጀራው ነው። ከዚያ እምቦጭ የሚባለው አረም መጣ፤ ዳርቻውን ሸፈነው፣ ደንገሉ ቦታ አጣ። ሰይፍም ጠንቋይም አላስፈለገም። ጀግና ካሻችሁም እምቦጩን ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው የሚነቅሉት ገበሬዎች አሉላችሁ።

ብረትን እንዳለ መኮረጅም አለ። በብሪታንያና በአየርላንድ ተረቶች ፌሪ ብረት ይፈራል። እኛ ጋ ግን ብረት ሲነሳ ቀጥቃጩ ይነሳል፣ ቀጥቃጩ ሲነሳ ደግሞ ቡዳ የሚለው ሐሜት ይከተላል። ይህ ሐሜት ብረት ቀጥቃጮችንና ሸክላ ሠሪዎችን ለዘመናት ሲያስገልል ኖሯል። ቡዳን የፌሪ ዘር አድርጋችሁ አትጻፉ፤ በሕይወት ያለ ጎረቤታችሁን ነው ጭራቅ የምታደርጉት።

የ300 ዓመቷ ልጅ እንደ ፍሬሽ ተማሪ ስታወራ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። የዛሬ 300 ዓመት ጎንደር ላይ የነገሡት አፄ በካፋ ናቸው። ያኔ ሐይቁ ውስጥ የገባች ሴት ዛሬ ብትወጣ ዳጋ እስጢፋኖስን ታውቀዋለች፤ የአፄ ፋሲል አስከሬን እዚያ ማረፉንም ሰምታለች። ናርጋ ሥላሴን ግን አታውቃትም፤ የበካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱን የአባይ ድልድይ ስታይማ ምን እንደምትል እናንተው ጻፉት። ጊዜ በእነሱ ዓለም በሌላ ፍጥነት ይሄዳል ካላችሁም በደንባችሁ ጽኑ። የአየርላንድ ተረት ጀግና ኦሺን በፌሪዎቹ ምድር ሦስት ዓመት የቆየ መስሎት 300 ዓመት ቆየ። ሲመለስ ከፈረሱ ወድቆ መሬት እንደነካ እርጅናው በአንዴ መጣበት።

ብዙ ሰው የሚዘለው ለቅሶውን ነው። ፌሪዋ ትሞታለች፣ የብርሃን ብናኝ ሆና ትበናለች፣ ምዕራፉ ይዘጋል። ማን አለቀሰላት? ሞትን ለምዶ የማያውቅ ሕዝብ ዕድር የለው፣ ድንኳን የለው፣ ሰልስት አያውቅ። አስከሬን ካልቀረስ ምን ይቀበራል? ጥሩው ታሪክ እዚህ ጋ ተኝቷል። እስቲ የማትሞተዋን ልጅ የሰው ለቅሶ ቤት አስገቧት። ጥግ ተቀምጣ ንፍሮ ትዘግናለች። ትንሽ ቆይታ ባላቸው ወደሞቱባቸው ሴት ጠጋ ትልና፣ «እትዬ፣ ጋሼ መቼ ነው የሚመለሱት?» ትላለች። ቤቱ ጸጥ ይላል። ስለ ዘላለማዊነቷ ሦስት ገጽ ከምታብራሩ ይህቺ ጥያቄ ትበልጣለች።

የሞተን መመለስም ልክ አለው። ሞትን ሳይቀምሱ ወደ ብሔረ ሕያዋን የተወሰዱት ሄኖክና ኤልያስ እንኳ፣ በእኛ ትውፊት በመጨረሻው ዘመን መጥተው ይሞታሉ። ገጸ ባሕርይዋን ለሁለተኛው መጽሐፍ የምትፈልጓት ከሆነ መጀመሪያውኑ አትግደሏት። ጎርጎራ ላኳት፤ በጀልባ ትመለሳለች።