የኤሌክትሪክ መኪናዎ የተራዘመ ዋስትና እንዳይሰረዝ ምን ማድረግ ይገባል?

የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትም ሆነ ካንዴላ ስለማይቀየርለት፣ ብዙ ባለቤቶች ጥገና የማይፈልግ ይመስላቸዋል። ስህተቱ የሚታወቀው አንድ ክፍል ተበላሽቶ የተራዘመ ዋስትና (የአምራቹ መደበኛ ዋስትና ካበቃ በኋላ የሚቀጥል የጥገና ሽፋን) ጥያቄ ሲቀርብ ነው፤ ዋስትና ሰጪው አስቀድሞ የሚጠይቀው የሰርቪስ መዝገቡን ነውና።

በመጀመሪያ ውሉን ያንብቡ፤ በተለይም የባለቤቱን ግዴታዎችና ዋስትናው የማይሸፍናቸውን ነገሮች። ሰርቪሱ በ12 ወር ወይም በ20,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀድሞ በደረሰው ይደረግ የሚል ከሆነ፣ በዓመት 6,000 ብቻ የነዳም ሰው ዓመቱ ሲሞላ መግባት አለበት። «ብዙም አልነዳሁትም» ማለት አያዋጣም።

ቀጥሎ በአምራቹ መመሪያ ላይ ያሉትን የሰርቪስ ቀኖች ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። በብዛት የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው። መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል እያመነጨ ስለሚይዘው የፍሬን ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ ዘይቱ ግን መኪናው ቆሞም ቢሆን እርጥበት ይስባል። ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ወይም እንዲመረመር የሚያዙት ለዚህ ነው።

የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። አንዳንድ የሂዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች ኤሌክትሪክ እምብዛም የማያስተላልፍ ልዩ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ቀለሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ሌላ አይጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃማ ከቶ አይታሰብም።

የጎማዎችን ቦታ ማቀያየር፣ የካቢን አየር ማጣሪያ፣ የ12 ቮልት ባትሪና የሶፍትዌር ዝማኔም በየጊዜያቸው ይሠሩ።

አጠቃቀምም ይቆጠራል። የኒሳን ሊፍ መመሪያ ለምሳሌ፣ ባትሪው ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ ሆኖ መኪናው ከ14 ቀን በላይ እንዳይቆም ያስጠነቅቃል።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ደረሰኙ ነው። «ሙሉ ሰርቪስ ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር ብዙም አይረዳም። ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተሠራው ሥራና የፈሳሹ ዓይነት በስም ይጻፍ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሚደበዝዝ የዚያኑ ዕለት ፎቶ ያንሱት። ከአምራቹ ወኪል ውጭ ባለ ጋራዥ ለማሠራት ካሰቡም ውሉ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ግን ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም አይንካቸው።

ብልሽት ሲያጋጥም መኪናው ከመፈታቱ በፊት ዋስትና ሰጪውን ያሳውቁና የፈቃድ ቁጥር ይቀበሉ። ብዙ ውሎች ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ለተሠራ ጥገና ገንዘብ አይመልሱም።