ለፎቶ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ስትገዙ ራምና ኤስኤስዲ ይቅደሙ

በላይትሩምና በፎቶሾፕ (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ናቸው) ለመሥራት ገንዘባችሁን በግራፊክስ ካርድ አትጨርሱ። መጀመሪያ ራሙን (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ማህደረ ትውስታ) 16 ጊጋባይት አድርሱት፤ በ8 ጊጋ ብዙ ሌየር (ተደራራቢ የምስል ንብርብር) ስትከፍቱ ወይም ፓኖራማ ስታገጣጥሙ ራሙ ይሞላና ኮምፒውተሩ ዲስኩን በምትኩ መጠቀም ይጀምራል፤ የሚንቀራፈፈው ያኔ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆን አለመሆኑን ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ፤ የተበየደ ከሆነ በኋላ መቀየር አይቻልም።

ዊንዶውሱ፣ የላይትሩም ካታሎጉ (የፎቶዎቹ ዝርዝርና ማስተካከያቸው የሚመዘገብበት ፋይል) እና አሁን የምትሠሩባቸው ፎቶዎች ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ላይ ይሁኑ። የባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ የሮው (ገና ያልተቀነባበረ ምስል) ፋይል ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ግድም ስለሚይዝ፣ 2,000 ፎቶ የተነሳበት ሰርግ ብቻውን እስከ 60 ጊጋ ይበላል። ከ512 ጊጋ በታች አትውረዱ።

ያለቀው ሥራ ወደ ሃርድ ዲስክ ይውጣ። ከአንድ ባለ 4 ቴራ ሁለት ባለ 2 ቴራ ይሻላል፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቅጂ ይኑር፣ አንዱም ሌላ ቤት ይቀመጥ። ዲስኩን ዩኤስቢ 3 ላይ ሰኩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ በዩኤስቢ 2 ያ 60 ጊጋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የካሜራውን ካርድ ፎርማት የምታደርጉት ከሁለቱም ዲስኮች የተወሰኑ ፎቶዎችን ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ ነው።