የቤት ካሜራ ቅጂ ከሩቅ ሲከፈት ለምን ይንቀራፈፋል? ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

ደሴም ኮምቦልቻም ካሜራ የተሰቀለባቸው ግቢዎችና ሱቆች በርክተዋል። ካሜራውን የሚያየው ሰው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ የለም። እናት ደሴ ናት፣ ልጅ ሪያድ ወይም ዱባይ። ማታ በሩ ተንኳኳ ሲባል ልጅ ስልኩን ይከፍታል። የቀጥታው ምስል እንደምንም ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በፊት የተቀዳውን ልይ ሲል ግን ያቺ ክብ መሽከርከር ትጀምራለች። ሁለት ሰከንድ ይታያል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል።

ይሄኔ አንዱ ብድግ ብሎ "ኤችቲቲፒኤሱን አጥፋው፣ ይፈጥንልሃል" ይላል። እባካችሁ ይህን ምክር አትስሙ። ኤችቲቲፒኤስ የሚተላለፈውን ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚመሰጥር መንገድ ነው፤ ምስጠራው ከጠፋ የይለፍ ቃላችሁም የእናታችሁ ሳሎንም መንገድ ላይ ሆኖ መስመሩን ለሚያይ ሁሉ ክፍት ነው። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ምስጠራው አይደለም። ኤችቲቲፒኤስ በቪዲዮው መጠን ላይ የሚጨምረው በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች ነው። እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) ደግሞ 4 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ይህን ያህል ጭማሪ ቪዲዮ አያስቆምም። የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እንፈልግ።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ እንደ ብሉ አይሪስ፣ ዞንማይንደርና ፍሪጌት ላሉ የካሜራ መቅጃ ሶፍትዌሮችም ሆነ ከካሜራ ጋር ለሚሸጠው መቅጃ ሳጥን ይሠራል። የቅንብሮቹ ስም ከአንዱ ወደ ሌላው ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

1. ችግሩ የት ጋ እንዳለ ለዩ

ለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያስፈልጋችኋል። እህት፣ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ይበቃል። አንድ የተወሰነ ቅጂ ምረጡ፤ ለምሳሌ የበሩ ካሜራ፣ የትናንት ማታ 2፡00። ያንኑ ቅጂ በሦስት መንገድ ክፈቱት።

መጀመሪያ ቤት ያለው ሰው በቤቱ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ይክፈተው። ቀጥሎ ያው ሰው፣ በያው ስልክ፣ ዋይፋዩን አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ይክፈተው። በመጨረሻ እናንተ ካላችሁበት ክፈቱት።

ቤት ውስጥም ከተንቀራፈፈ ኢንተርኔቱን ተዉት። ችግሩ መቅጃው፣ ሃርድ ዲስኩ ወይም የቤቱ ዋይፋይ ነው። ቤት ውስጥ ጥሩ ሆኖ በሞባይል ዳታ ከቆመ የቤቱ መስመር ወደ ውጭ የሚልክበት አቅም ትንሽ ነው ማለት ነው፤ የዳታው ኔትወርክ ራሱ ደካማ አለመሆኑን ግን ሌላ ቪዲዮ ከፍታችሁ አረጋግጡ። ደሴ ውስጥ በሁለቱም መንገድ ጥሩ ሆኖ እናንተ ጋ ብቻ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ርቀቱ፣ ቪፒኤኑ ወይም የራሳችሁ መሣሪያ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ አለ። ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በቤቱ ዋይፋይ ላይ ብቻ፣ ያንኑ ቅጂ አንዴ በኤችቲቲፒ (ያለ ምስጠራ) አንዴ በኤችቲቲፒኤስ ክፈቱ። ምስጠራውን በእውነት መጠርጠር የሚቻለው በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት ካለ ነው። ልዩነት ካልታየ ያ ጥርጣሬ እዚያው ያብቃ።

2. የአፕሎዱን ሂሳብ ሥሩ

ብዙው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ሰው ኢንተርኔቱን የሚለካው ቪዲዮ ሲያወርድ በሚያየው ፍጥነት ነው። ከውጭ ሆናችሁ ካሜራ ስታዩ ግን የደሴው ቤት ነው ላኪው። የሚያስፈልገው የቤቱ አፕሎድ ነው፤ ያ ደግሞ በብዙ መስመሮች ላይ ከዳውንሎዱ ያንሳል።

ቤት ያለውን ሰው የፍጥነት መለኪያ እንዲከፍትና የአፕሎዱን ቁጥር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በሚሆንበት ምሽት ይለካ። የምሽቱን ቁጥር ያዙ።

አሁን ወደ ካሜራው ቅንብር ግቡና ቢትሬት (ካሜራው በሰከንድ የሚልከው የዳታ መጠን) የሚለውን ፈልጉ። ባለ 1080 ካሜራ በኤች 264 (ቪዲዮን አጥብቦ የሚያሳንስ ዘዴ) ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይልካል። 4 ነው እንበል። አራት ካሜራ በአንድ ላይ ከከፈታችሁ 16 ሜጋ ቢት ይፈለጋል። አፕሎዱ 5 ከሆነ ምንም ዓይነት ጥበብ አያድናችሁም። አንድ ካሜራ ብቻ ክፈቱ፣ ወይም ቢትሬቱን ቀንሱ።

ሂሳቡን እስከ ዳታው ክፍያ ድረስ መውሰድም ጥሩ ነው። በ4 ሜጋ ቢት አንድ ደቂቃ ቅጂ 30 ሜጋ ባይት ይበላል፤ አንድ ሰዓት ደግሞ 1.8 ጊጋ ባይት። በሞባይል ዳታ የምታዩ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

እዚህ ላይ የደሴን ጉም የማያውቅ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው፣ ማታ የካሜራው የኢንፍራሬድ ብርሃን ጉሙ ላይ አርፎ ይመለሳል። ምስሉ ነጭ ሆኖ ይርመሰመሳል። ቢትሬቱ ተለዋዋጭ ተብሎ የተቀመጠ ካሜራ ይህን ሁሉ እንቅስቃሴ ነው ብሎ ስለሚይዘው የሚልከው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ "ቀን ቀን ደህና ነው፣ ጉም ያለ ዕለት ማታ ይቆማል" የሚል ሰው ልክ ነው። መድኃኒቱ ከፍተኛውን ቢትሬት መገደብ ነው፤ ለምሳሌ ከ3 ሜጋ ቢት እንዳያልፍ ማድረግ።

3. ቅጂውን በትንሹ ስትሪም ክፈቱ

አብዛኞቹ ካሜራዎች ሁለት ስትሪም፣ ማለትም ሁለት የቪዲዮ ፍሰት፣ ይልካሉ። ዋናው ጥራት ያለው ነው። ሁለተኛው፣ ሳብ ስትሪም የሚባለው፣ ትንሽና ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ 640 በ480 ሆኖ በግማሽ ሜጋ ቢት አካባቢ ይሄዳል። የቀጥታው ምስል ደህና ሆኖ ቅጂው የሚቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አፑ ቀጥታውን በትንሹ ያሳያችኋል፤ መቅጃው ግን የሚቀዳው ዋናውን ብቻ ነው።

መቅጃው ሁለቱንም እንዲቀዳ አድርጉ። ከሩቅ ስትፈልጉ በትንሹ ፈልጉ፤ ሰውየውን ካገኛችሁት በኋላ ያቺን ግማሽ ደቂቃ ብቻ በዋናው አውርዷት።

ቀጥሎ የአይ ፍሬም ርቀት የሚለውን ቅንብር እዩ። አይ ፍሬም የሚባለው ሙሉ ምስል የሚላከው በየተወሰነ ጊዜ ነው፤ በመካከል የሚላከው የተለወጠው ብቻ ነው። ቅጂን ከመሃል ስትከፍቱ ማጫወቻው ቅርብ የሆነውን ሙሉ ምስል ይፈልጋል። ካሜራው በሰከንድ 20 ፍሬም (ምስል) የሚልክ ከሆነ ይህን ቁጥር 20 ወይም 40 አድርጉት። 200 ሆኖ ካገኛችሁት ሙሉ ምስል የሚመጣው በየ10 ሰከንዱ ነው፤ የቅጂውን የጊዜ መስመር ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር የምትጠብቁት ለዚያ ነው።

4. ኤች 265ን ጠርጥሩ

ኤች 265 ከኤች 264 በኋላ የመጣ የቪዲዮ ማጥበቢያ ዘዴ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሁሉም ብራውዘርና በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። ያኔ አንዳንድ ሶፍትዌር ቪዲዮውን እዚያው ደሴ ላይ ወደ ኤች 264 እየለወጠ ይልከዋል። ይህ ለፕሮሰሰሩ ከባድ ሥራ ነው። ቅጂው ሲከፈት የፕሮሰሰሩ ጭነት 100 በመቶ አካባቢ ከደረሰ ምክንያቱን አገኛችሁት። ሳብ ስትሪሙን ኤች 264 አድርጉትና እንደገና ሞክሩ።

5. ምስጠራው በእውነት የሚከብደው መቼ ነው?

አንዳንዴ ጥርጣሬው ትክክል ይሆናል። ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ኤኢኤስ የሚባለውን ምስጠራ የሚሠራ የራሱ ክፍል ስላላቸው ሥራው አይሰማቸውም። አሮጌ ወይም ርካሽ መሣሪያ ላይ ይህ ክፍል ላይኖር ይችላል። ኮር ቱ ዱዎ የተባለው አሮጌ ፕሮሰሰር የለውም። ራስበሪ ፓይ 4 የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር የለውም፤ 5 ግን አለው። ዕቃ ቤት ከቆየ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አራት ካሜራ ጭናችሁ ከሆነ እዚህ ጋ ልታዩት ይገባል። መሣሪያውን መለወጥ ካልተቻለ በዋየርጋርድ ግቡ። ዋየርጋርድ ቻቻ20 የተባለውን ምስጠራ ስለሚጠቀም ያ ልዩ ክፍል ሳይኖርም በደንብ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክብደት ሰላምታው ነው። የተመሰጠረ ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ወገኖች ይመላለሳሉ። ኤችቲቲፒኤስ በሚጠቀምበት የምስጠራ ደንብ፣ በቲኤልኤስ 1.2፣ መስመሩን መክፈቱ ተጨምሮ ሦስት ደርሶ መልስ ነው። በ2018 በወጣው ቲኤልኤስ 1.3 ሁለት ነው። ከደሴ እናንተ እስካላችሁበት አንድ ደርሶ መልስ 200 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ፣ በአሮጌው ከግማሽ ሰከንድ በላይ የሚሄደው ገና አንድም ምስል ሳይመጣ ነው። አንዴ ከሆነ ግድ የለም። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዷ የቪዲዮ ቁራጭ አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ይደገማል። ቅንብሩ ውስጥ ኪፕ አላይቭ (ግንኙነቱን ሳይዘጋ የሚያቆይ) የሚል ካለ አብሩት። ሶፍትዌሩን አዘምኑና ቲኤልኤስ 1.3 ፍቀዱ።

በብራውዘር ብዙ ካሜራ ለሚከፍቱ ደግሞ ይቺን ልንገራችሁ። በኤችቲቲፒ 1.1 ብራውዘሮች ለአንድ አድራሻ በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት 6 ግንኙነት ነው። ስድስት ካሜራ ፊት ለፊት ተከፍቶ ሳለ ቅጂ ልክፈት ብትሉ ሰባተኛው ተራ ይጠብቃል፤ ቪዲዮው የሞተ ይመስላችኋል። የቀጥታውን ገጽ ዝጉና ቅጂውን ለብቻው ክፈቱ። ዘላቂው መፍትሔ በአንድ ግንኙነት ብዙ ጥያቄ አብሮ የሚያስተናግደው ኤችቲቲፒ 2 ነው። ብራውዘሮች ኤችቲቲፒ 2ን የሚቀበሉት በተመሰጠረ ግንኙነት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ኤችቲቲፒኤሱን ማጥፋት እዚህ ላይ ጭራሽ ያዘገያችኋል።

6. በቪፒኤን ለሚገቡ

ቪፒኤኑ በዩዲፒ መሆኑን አረጋግጡ። ዩዲፒና ቲሲፒ የዳታ መላኪያ ደንቦች ናቸው፤ ቲሲፒ የጠፋውን እንደገና ይልካል፣ ዩዲፒ ዝም ብሎ ይልካል። በቲሲፒ ላይ ቲሲፒ ሲደረብ አንድ ፓኬት (ትንሽ የዳታ ጥቅል) በጠፋ ቁጥር ሁለቱም እንደገና ለመላክ ይሯሯጣሉ፣ ቪዲዮው ይታነቃል። ቴልስኬል የተባለውን ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ ግንኙነቱ ቀጥታ ነው ወይስ በሪሌይ የሚለውን እዩ። በሪሌይ ከሆነ ቪዲዮው ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ዞሮ ነው የሚመጣው።

ገጹ ተከፍቶ፣ ጽሑፉ መጥቶ፣ ቪዲዮው ብቻ እምቢ ካለ ኤምቲዩ የሚባለውን ቁጥር (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) ወደ 1280 ዝቅ አድርጉ። ትልልቆቹ ፓኬቶች መንገድ ላይ እየቀሩ ይሆናል።

7. ሰዓቱን እዩ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ባትሪው ያለቀ መቅጃ ሰዓቱን ይረሳል። ከዚያ ቤት ያለ ሰው በቅንነት ያስተካክለዋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ማታ 2፡00 ብሎ ይሞላል፣ ዓመቱንም በእኛ ዘመን ይጽፋል። መቅጃው ታዲያ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደ። ሌላ ሰርቨር ጋ ሲገናኝ የሚያየው ሰርቲፊኬት (የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ) ሁሉ ገና ያልተጀመረ ይመስለዋል። በዚህ የተነሳ አፑ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ይቆማል፣ ይሞክራል። ለእናንተ ዘገምተኛ ኢንተርኔት ይመስላችኋል።

በስልክ ይህን መጠየቅ ቀላል ነው።

"እማ፣ ሳጥኑ ላይ ዓመቱ ስንት ይላል?"

"እንደኛው ነው ልጄ፣ ልክ ነው፤ ጎረቤት ያለው ልጅ አስተካክሎልኛል።"

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። በፈረንጆቹ ቀን፣ ሰዓቱን ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ቀድሞ አስተካክሉና ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ ኤንቲፒ የሚለውን አብሩ።

8. የቀሩት

ቆርቆሮ ዋይፋይን ይመልሳል፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም ያዳክመዋል። ቢያንስ መቅጃውን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙ፤ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ሃርድ ዲስኩ ካረጀ እየቀዳ ማንበብ ያቅተዋል፤ የዲስኩን ጤና የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱና ስህተት ካለ ቀይሩት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው አንቲቫይረስ የተመሰጠረ ግንኙነትን እየፈታ የሚመረምር ከሆነ ለካሜራችሁ አድራሻ ብቻ እንዲተው አድርጉት።

ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ከዚያ ያንኑ የበሩን ቅጂ እንደገና ክፈቱ። ሦስት ነገር በአንዴ ከለወጣችሁ የቱ እንደረዳ አታውቁም።

ሲያልቅ ለሙከራ የከፈታችሁትን ኤችቲቲፒ ዝጉ። ራውተሩ ላይ ለውጭ የተከፈተ ፖርት (ባለ ቁጥር መግቢያ) 80 ወይም 554 ካለ እሱንም ሰርዙ። ከዚያ በሞባይል ዳታ ሆናችሁ አድራሻውን ያለ ኤችቲቲፒኤስ ለመክፈት ሞክሩ፤ እምቢ ካለ ወይም ራሱ ወደ ኤችቲቲፒኤስ ከወሰዳችሁ ሥራው ተጠናቋል።