የቀድሞ ኳርተርባክ ስለ ድሮ ቡድኑ ሲያወራ እንዴት ይሰማል?

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ የምትኖሩ ሐበሾች ታውቁታላችሁ። ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው በቀይ ማሊያ ይጥለቀለቃል። መንገዱ ይዘጋጋል። ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባችሁ ፊቱን አጥቁሮ ከመጣ ምን ሆንክ ብላችሁ አትድከሙ፣ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ኦሃዮ ስቴት ተሸንፏል። አብዛኞቻችን በእግር ኳስ ያደግን ነን። ግን ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ፣ ጨዋታው ሲከፈት አብረን ቁጭ እንላለን፣ ከዚያ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ማይክ ይዞ ስለ ቡድኑ የውድድር ዘመን ስሜቱ እየተናነቀው ሲያወራ "ይሄ ደግሞ ማነው?" ብለን እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው። የቀድሞ ኳርተርባክ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ያየውንና የተሰማውን ቀላቅሎ ነው የሚያወራው። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ ከሱ የተሻለ አስተማሪ አታገኙም። እኔ የምከተለው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ነገር እንዴት እንደተፈጠረ ሲነግረኝ አምነዋለሁ። ማን ምን ይገባዋል ወደሚለው ሲሻገር ግን ቆም እላለሁ።

እንደ ምሳሌ የምወስደው ኦሃዮ ስቴት በ2024 ያሳለፈውን የውድድር ዘመንና የቡድኑን የቀድሞ ኳርተርባክ፣ የዛሬውን የቴሌቪዥን ተንታኝ ከርክ ኸርብስትሪትን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ፦ አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት 4 ሙከራ አለው። እያንዳንዱ ሙከራ ዳውን ይባላል። ጭንቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፣ እሱ ከከሸፈ ቡድኑ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን ጠልዞ ያስረክባል። ኳርተርባክ ደግሞ በየሙከራው መጀመሪያ ኳሱ እጁ የሚገባ፣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ይወርውር፣ ለሯጭ ይስጥ ወይስ ራሱ ይሩጥ የሚለውን የሚወስን ሰው ነው። ለአሁኑ ይህ ይበቃችኋል።

ማንንም ከመስማታችሁ በፊት ውጤቶቹን ወረቀት ላይ ጻፉ

ይህን አትዝለሉት። ተንታኝ ታሪክ ሲያወራ መሃል ላይ የማይመቸውን ይዘላል፣ ወረቀት ግን አይዘልም። ኦክቶበር 12 ኦሪገን ሜዳ ላይ 32 ለ 31 ሽንፈት። ኖቬምበር 30 በገዛ ሜዳቸው በሚሺጋን 13 ለ 10 ሽንፈት፣ ያውም ሚሺጋን ያሸንፋል ብሎ የገመተ ሰው በሌለበት፣ ያውም ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ። ከጨዋታው በኋላ የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን ሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሳ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ። ከዚያ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) መጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በ12 ቡድን። ኦሃዮ ስቴት 8ኛ ሆኖ ገባ። ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሪገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14፣ በመጨረሻም ጃንዋሪ 20፣ 2025 አትላንታ ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ 23። 14 ድል፣ 2 ሽንፈት፣ ዋንጫ።

ወረቀቱን ስታዩ አንድ ነገር ይከነክናችኋል። ሚሺጋንን ማሸነፍ ያቃተው ቡድን በ3 ሳምንት ውስጥ እንዴት እንደዚያ ሆነ? ከተንታኙ የምትፈልጉት የዚህን መልስ ነው። በድሮው የ4 ቡድን አሠራር ቢሆን እኮ ጥያቄውም ባልተነሳ፣ ያ ሽንፈት ዓመቱን ይዘጋው ነበር።

የሚያወራው ሰው ከየት እንደመጣ እወቁ

ኸርብስትሪት የኦሃዮ ስቴት ልጅ ነው። አባቱ እዚያው ተጫውቶ አምበል ነበር። እሱም በ1992 ቋሚ ኳርተርባክና ከአምበሎቹ አንዱ ሆነ። በዚያ ዓመት ከሚሺጋን ጋር 13 ለ 13 አቻ ወጡ። ያኔ በኮሌጅ ፉትቦል ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር ስላልነበረ አቻ ወጥቶ ወደ ቤት መግባት ይቻል ነበር። አሰልጣኙ ጆን ኩፐር ነበሩ። ጥሩ ቡድን ይሠራሉ፣ ሚሺጋን ሲመጣ ግን ይወድቃሉ። በ13 ዓመት 2 አሸንፈው 10 ተሸነፉ፣ 1 አቻ ወጡ። ያቺ አንዷ አቻ የኸርብስትሪት ናት። ሕዝቡ ኩፐርን ምን ያህል እንዳብጠለጠላቸው እሱ ከውስጥ ሆኖ አይቶታል።

አሁን ወደ 2024 ተመለሱ። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ነው። ጥሩ ቡድን ይሠራል፣ በሚሺጋን ደግሞ 4 ጊዜ ተከታትሎ ተሸንፏል። ከተማው "ይባረር!" እያለ ይጮኻል። እንግዲህ ኸርብስትሪት ዴይን ሲያይ የድሮ አሰልጣኙን የማያይ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። እሱ ራሱ በ2011 ቤተሰቡን ይዞ ከኮለምበስ ወደ ናሽቪል የሄደው በደጋፊዎች ንዝንዝ ተማርሮ ነው። አትላንታ ላይ ጨዋታውን ሲያስተላልፍ የነበረውም እሱ ነው። ካበቃ በኋላ ስለ ዴይ ሲናገር ድምፁ ተቆራረጠ፣ እንባ ተናነቀው።

ያ ሐቀኛ እንባ ነው። ትንተና ግን አይደለም። እንደዚያ ያለውን ሰዓት አብራችሁ ተደሰቱበት፣ ወይም ሚሺጋን ደጋፊ ከሆናችሁ ድምፁን ቀንሱት፣ ግን "ዴይ ትክክል ነበር" ለሚል ክርክር ማስረጃ አታድርጉት። በነገራችን ላይ ዴይም የቀድሞ ኳርተርባክ ነው፣ ኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ። ያኔ ያሠለጠነው ቺፕ ኬሊ ደግሞ በ2024 ከሱ ሥር የማጥቃቱ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ኳርተርባኮች እርስ በርስ ይተዛዘናሉ፣ ይህንንም ልብ በሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኸርብስትሪት የሚሠራው ኢኤስፒኤን ለሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ነው፣ ከ1996 ጀምሮ የቅዳሜ ጠዋቱ ፕሮግራም ላይ አለ። የፕሌይኦፉ የስርጭት መብት ያለውም ኢኤስፒኤን ነው። ስለዚህ "አዲሱ ፕሌይኦፍ ድንቅ ነው" ሲል ትንሽ በጥርጣሬ ስሙት።

ዓይናችሁን ከኳሱ ላይ አንሱ

የቀድሞ ኳርተርባክ ወርቁ ያለው እዚህ ነው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

እኛ ኳሱን እንከተላለን። እሱ መጀመሪያ የሚያየው ከኳርተርባኩ ፊት ያሉትን አምስት ግዙፍ ልጆች ነው። ለምን? እነሱ ከፈረሱ ኳርተርባኩ አለቀለት። በ2024 ኦሃዮ ስቴት ሁለት ቁልፍ ሰዎች ከዚያ መስመር አጥቷል። የግራ ጠርዙን የሚይዘው ጆሽ ሲመንስ ኦሪገን ላይ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ዓመቱ አበቃ። በኖቬምበር ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ ኳሱን የሚያቀብለው ሴት ማክላፍሊን ልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቱ ተበጠሰ። ዶኖቫን ጃክሰን ከለመደው ቦታ ተነስቶ ወደ ጠርዝ ተዛወረ፣ ካርሰን ሂንዝማን መሃል ገባ። በሌላ አነጋገር መስመሩ እንደ አዲስ ተጠግኗል።

እንዲህ ሆኖ ሚሺጋን መጣ። ሚሺጋን መሃል ላይ ሜሰን ግራሃምና ኬኔት ግራንት የሚባሉ፣ ለመግፋት ቀርቶ ለመዞር የሚያስቸግሩ ልጆች ነበሩት። ኦሃዮ ስቴት ምን አደረገ? ደጋግሞ በእነሱ መሃል ሮጠ። ከዳር ጄረማያ ስሚዝና ኤሜካ ኤግቡካ፣ ማንም ቡድን የሚመኛቸው ተቀባዮች፣ ቆመው ያያሉ። በሩጫ ቀኑን ሙሉ 100 ያርድ እንኳ አልሞሉም። ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ 2 ኳስ ለተጋጣሚ አስረከበ፣ መቺው 2 ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ 3 ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ሳተ። ሚሺጋን 45 ሰከንድ ሲቀር በፊልድ ጎል ጨረሰው። ጋዜጣ ላይ "ሃዋርድ ደከመ" ይባላል። ኳርተርባክ የነበረ ሰው ግን የሚጠይቀው ምን እንዲያደርግ ታዝዞ ነበር ብሎ ነው።

ከዚያ የቴነሲን ጨዋታ ክፈቱ። መስመሩ ያው ነው፣ ሃዋርድም ያው ነው። አሁን ግን ገና ከመጀመሪያው ለስሚዝ መወርወር ጀመሩ። አንደኛው ሩብ ሲያልቅ 21 ለ 0። የከነከናችሁ ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ይኸው ነው፣ ቡድኑ በጎበዞቹ ልጆች መጫወት ጀመረ።

አሁን ሥራው የናንተ ነው። የጨዋታውን ድጋሚ ክፈቱና ድምፁን አጥፉ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት አቁሙት። ሦስት ነገር እዩ፣ ተከላካዮቹ ስንት ሆነው ለመግፋት ተዘጋጁ፣ ስሚዝ ፊት ስንት ሰው አለ፣ ስንተኛ ዳውን ነው። ከዚያ ልቀቁት። ገምቱ። ከልጃችሁ ጋር ብታደርጉት ደግሞ ይበልጥ ይጥማል፣ እሱ ይቀልድባችኋል፣ እናንተም ቀስ በቀስ ትማራላችሁ።

ለልምምድ ከሁሉ የተሻለው የአትላንታው አንድ ሙከራ ነው። ኦሃዮ ስቴት 31 ለ 7 መርቶ ነበር፣ ኖትር ዳም እየተጠጋ 31 ለ 23 አደረሰው። ከ3 ደቂቃ ያነሰ ቀርቷል። ሦስተኛ ዳውን፣ 11 ያርድ ይጎድላል። ፈሪ አሰልጣኝ እዚህ ጋ ያስሮጥና ሰዓት ይገድላል። እዚያ ላይ አቁሙት። ስሚዝን የያዘው ተከላካይ አንድ ብቻ ነው። ሃዋርድ ከፍ አድርጎ ላከው፣ ስሚዝ ተከላካዩን ጥሎት ሄደና ከ50 ያርድ በላይ አገኙ። በፊልድ ጎል 34 ለ 23 አደረጉት፣ ጨዋታው አለቀ። ሚሺጋን ላይ የጠፋው ድፍረት ነው እዚህ የመጣው። የቀድሞ ኳርተርባክ ይህን ሲያብራራ ዝም ብላችሁ ስሙት፣ በዚህ አይዋሽም።

ሰዓቱንም እዩ። የኦሪገኑ ሽንፈት የሚታወሰው ሃዋርድ መጨረሻ ላይ ሮጦ ሲንሸራተት ሰዓቱ በማለቁ ነው፣ ሕዝቡም ልጁን ቀቀለው። ግን ከዚያ በፊት የነበረችውን ሙከራ መለስ ብላችሁ እዩ። 10 ሰከንድ ሲቀር ኦሪገን 12 ተከላካይ ሜዳ ላይ አቆመ። ቅጣቱ 5 ያርድ ብቻ፣ የባከነው 4 ሰከንድ ግን አልተመለሰም። 6 ሰከንድ ቀረ። ተንኮል ነው፣ በጣም ብልጥ ተንኮል። የውድድሩ አስተዳዳሪዎች በቀናት ውስጥ ሕጉን አስተካከሉት። ሃዋርድ አልተሳሳተም ማለቴ አይደለም፣ ተሳስቷል። ግን በእጁ የነበረው ሰዓት ስንት እንደሆነ ያየ ሰው ስድቡን ይቀንሳል።

"በኛ ጊዜ" ሲል

እዚህ ጋ ቅናሽ አድርጉ። በ1992 የኮሌጅ ተጫዋች የነጻ ትምህርት ዕድል እንጂ ደመወዝ አልነበረውም። ከ2021 ጀምሮ ግን ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ፣ የ2024ቱ ኦሃዮ ስቴት ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር እንደወጣበት የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ራሱ ተናግሯል። ሃዋርድ የመጣው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ከካንሳስ ስቴት ነው፣ ሯጩ ኩዊንሾን ጀድኪንስ ከኦል ሚስ፣ ተከላካዩ ኬለብ ዳውንስ ከአላባማ። ስለዚህ የድሮ ተጫዋች ስለ ታማኝነትና ስለ ማሊያ ፍቅር ሲሰብክ፣ ልጆቹ የሚኖሩበትን ዓለም እሱ አልኖረበትም።

ጥርጣሬ ከገባችሁ አንድ ፍተሻ አለ። ሰውዬው ስለማይመለከተው ቡድን፣ ለምሳሌ ስለ ቴክሳስ ወይም ስለ ጆርጂያ ሲያወራ ስሙት። እዚያም ጉዳት ቆጥሮ፣ ዳውን ቆጥሮ፣ ለአሰልጣኙ አዝኖ ከተናገረ ሚዛኑ ትክክል ነው። ለሌላው "ይባረር"፣ ለራሱ ግን "ታገሡት" ካለ አወቃችሁት ማለት ነው። ትንበያውን ግን ጨርሶ ተዉት፣ በዚያ ኸርብስትሪትም ጎረቤታችሁም እኩል ናቸው።

ከየት ልጀምር ካላችሁ ከፍጻሜው አትጀምሩ። መጀመሪያ ሚሺጋንን እዩ፣ ቀጥላችሁ ቴነሲን። ሙሉውን ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ የሁለቱንም ሦስተኛ ዳውኖች ብቻ እየዘለላችሁ እዩ። ኸርብስትሪትን ከዚያ በኋላ ክፈቱት።