አፍ ያልፈታን ሕፃን ማነጋገር፦ በመጀመሪያው ዓመት የልጅን ስሜት፣ ተግባቦትና አእምሮ መንከባከቢያ መመሪያ

ሕፃን አፍ የሚፈታው አንድ ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ መነጋገር የሚጀምረው ግን ከተወለደበት ቀን አንሥቶ ነው። በማኅፀን ሳለ የእናቱን ድምፅ ሲሰማ ስለቆየ፣ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያንን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። ዓይኑ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ ይህም ጡት ሲጠባ በእርሱና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት ነው። በዚህ መመሪያ የሚቀርበው ምክር ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ሕፃኑ በለቅሶው፣ በዓይኑ፣ በድምፁና በእጁ ለሚያሳየው ምልክት መልስ መስጠት። ለዚህ የሚገዛ መጫወቻም ሆነ የተለየ ሰዓት አያስፈልግም፤ ማጥባት፣ ማጠብ፣ ማዘልና ማስተኛት በየቀኑ የማይቀሩ ስለሆኑ ሥራው የሚሠራው በእነርሱ መካከል ነው።

በየቤቱ ብዙ የሚያከራክረው ለቅሶ ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር። «ባለቀሰ ቁጥር አታንሺው፣ እቅፍ ይለምድብሻል» የሚለው ምክር ከአራስ ቤት ጀምሮ ይሰማል፤ መካሪዎቹም እናቲቱ እንዳትደክም አስበው ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን የሚያለቅሰው ተሞላቅቆ አይደለም፤ ስሜቱን በራሱ የሚያበርድበት ዐቅም ገና ስላልጎለበተ ሌላ ሰው እንዲያረጋጋው ያስፈልገዋል። ሜሪ አይንስዎርዝ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በመጀመሪያ በኡጋንዳ፣ በኋላም በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየተገኘች ስታጠና ቆይታ፣ ከሲልቪያ ቤል ጋር በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ከተለመደው ምክር ተቃራኒውን አሳይታለች፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያለቅሱ ቶሎ መልስ ያገኙ ሕፃናት ዓመት ሊሞላቸው ሲል የሚያለቅሱት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ስለዚህ ሕፃኑን ያንሱት። ርቦት፣ ረጥቦ፣ በርዶት ወይም ሆዱን ቆርጦት እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከዚያም ደረትዎ ላይ አስደግፈው ዝግ ባለ ድምፅ ያነጋግሩት። ሁሉም ተሞክሮ ለቅሶው አልቆም ካለና ትዕግሥትዎ ካለቀ፣ ሕፃኑን በጀርባው አደጋ በሌለበት ቦታ አስተኝተው ለጥቂት ደቂቃ ይራቁ ወይም ሌላ ሰው እንዲይዝልዎ ይጥሩ። በምንም ምክንያት ሕፃን አይነቅንቁ፤ መነቅነቅ አንጎሉ ውስጥ ደም እንዲፈስ ሊያደርግና ሊገድለው ይችላል።

በእንቅልፉ ፈገግ ሲል «መላእክት እያጫወቱት ነው» ይባላል። ሰውን አይቶ የሚሰጠው ፈገግታ ግን የሚመጣው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ይህም በአገራችን ሕፃኑ ለስድስት ሳምንት ክትባት የሚወሰድበት ሰሞን ነው። ጨዋታውን እንዴት መጀመር እንዳለብዎ በቃል ከምገልጸው፣ አንዲት ጎረቤቴ የሦስት ወር ልጇን ገላዋን አጥባ ቅባት ስትቀባት ያየሁት ይበልጥ ያስረዳል። እናቲቱ እግሯን እያሻሸች «እሺ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ትልና ዝም ትላለች፤ እጇንም ታቆማለች። ልጅቱ መጀመሪያ የእናቷን አፍ ታያለች፣ ከንፈሯን ታሾላለች፣ እግሮቿን ታወራጫለች፣ በመጨረሻም «አጉ» የሚል ድምፅ ታወጣለች። እናቲቱም «አጉ! እንደዚህ አለሽ?» ብላ ድምፁን መልሳላት እንደገና ዝም ትላለች። ቁም ነገሩ ያለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ትልቅ ሰው መልስ ለመጠበቅ ስለማይታገሥ ሕፃኑ ተራው ሳይደርሰው ያልፈዋል፤ ስለዚህ ከተናገሩ በኋላ በልብዎ እስከ አምስት ወይም እስከ ስድስት ይቁጠሩ። ሕፃኑ ፊቱን ካዞረ ወይም ካዛጋ ግን ደክሞታል ማለት ነውና፣ አገጩን ይዘው አይመልሱት፤ ሲያርፍ ራሱ ተመልሶ ያይዎታል።

መልሱ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረገው ሙከራ ታይቷል። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትጫወት ቆይታ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ያለ ምንም ስሜት ዝም እንድታደርግ ስትጠየቅ፣ ሕፃኑ በመጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያወጣል፤ ምንም ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፣ ይነጫነጫል። ስልክ ላይ ያቀረቀረ ፊትም ለሕፃን ከዚያ ብዙ የተለየ አይመስለኝም፤ ቢያንስ በሚያጠቡበትና በሚያጥቡበት ጊዜ ስልክዎን ያርቁ። አንዳንድ ጊዜ ግን የእናቲቱ ፊት ዝም የሚለው በሕመም ነው። ከወሊድ በኋላ ሐዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ለልጁ ምንም አለመሰማት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ይህ የሚታከም ድባቴ ሊሆን ይችላልና ቤተሰቡ «አራስ ናት፣ ይለቃታል» ብሎ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወስዳት ይገባል። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን መወሰድ አለባት።

ከአገር ውጭ ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። ሕፃናት እስከ ስድስትና ስምንት ወር ድረስ ያልሰሙትን ቋንቋ ድምፆች ጭምር ይለያሉ፤ ወደ አንድ ዓመት ሲቃረቡ ግን ጆሯቸው በየቀኑ በሚሰሙት ቋንቋ ላይ ያተኩራል። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚያድግ ልጅ ጠ፣ ጨ፣ ቀና ጸን ከልጅነቱ እንዲለይ ከተፈለገ አማርኛውን በዚህ ዓመት ከሰው አፍ መስማት አለበት። «ከሰው አፍ» ያልሁት በምክንያት ነው፤ የሕፃናትን ቋንቋ የምታጠናው ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ የሚያድጉ የዘጠኝ ወር ሕፃናት የማንዳሪን ቻይንኛን ድምፆች መለየት የቻሉት አብሯቸው ከሚጫወት ሰው ሲሰሙ እንጂ ያንኑ በቪዲዮ ሲያዩ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ልጅ ቴሌቪዥንና ስልክ ማሳየትን አይመክርም። እሹሩሩ የሚሉት አያት ከማንኛውም የሕፃናት ፕሮግራም ይበልጣሉ።

ማዘል እናቲቱንና ሕፃኑን አንድ ነገር እንዲያዩ ስለሚያደርግ ጥሩ የማስተማሪያ ጊዜ ነው፤ «ዶሮዋ ሮጠች»፣ «ቡናው ሸተተ» እያሉ የሚያየውንና የሚሸተውን በስሙ ይጥሩለት። ይሁን እንጂ ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በጀርባ ታዝሎም ሆነ በጋሪ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃንም ነቅቶ ሳለ በቀን ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ በሆዱ እንዲተኛ ይመክራል።

ስምንትና ዘጠኝ ወር ላይ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ የልጆችን አእምሮ ዕድገት ያጠናው ዣን ፒያዤ በራሱ ልጆች ላይ እንዳስተዋለው፣ ከዓይን የተሰወረ ነገር አሁንም እንዳለ ሕፃኑ ተረድቶ ፈልጎ ማግኘት መጀመሩ ነው። እያየ ማንኪያ ከነጠላ ሥር ይደብቁለት፤ በአምስት ወሩ ቢሆን ፊቱን አዙሮ ይረሳው የነበረው ሕፃን አሁን ነጠላውን ጎትቶ ማንኪያውን ያወጣል፣ ከዚያም እርስዎን ያያል። ማንኪያውን ደጋግሞ መሬት ላይ ቢጥልም ሊያበሽቅዎ ሳይሆን ምን እንደሚሆን ሊያይ ነውና ጥቂት ጊዜ ያንሡለት።

ሁለተኛው እንግዳ መፍራትና ከእናት መለየት አለመፈለግ ነው። ከዓይኑ የራቀን ሰው ማስታወስ ሲጀምር የዚያ ሰው መሄድም ያስጨንቀዋል። ከክፍለ ሀገር የመጡት አክስት ሲያቅፉት የሚጮኸው ልጅ ባለጌ አይደለም፤ የቅርብ ሰዎቹን መለየቱን የሚያሳይ ጤናማ ምልክት ነው። አክስትየው መጀመሪያ ተቀምጠው ከእናቲቱ ጋር ይጫወቱ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጉያ ሆኖ ይያቸው፣ እጁን ሲዘረጋ ያኔ ይቀበሉት። ለሥራ ሲወጡም ተደብቀው አይውጡ፤ ስመው፣ «መጣሁ» ብለው በአጭሩ ተሰናብተው ይሂዱ። ቢያለቅስ እንኳ መሄድዎና መመለስዎ የሚታመን ይሆንለታል፤ ተደብቆ መውጣት ግን ቀኑን ሙሉ በር በር እንዲያይ ያደርገዋል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን በመሆኑ ብዙ እናቶች የሚለዩት ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ነው፤ ሞግዚት የሚቀጠር ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማ ትግባ፣ ከተቻለም ቶሎ ቶሎ አትቀየር።

ዳዴ ሲል ወድቆ የተነሣ ልጅ ከማልቀሱ በፊት የእናቱን ፊት ያያል፤ የሚያስፈራ ነገር መሆን አለመሆኑን የሚያነበው ከዚያ ነው። በጩኸት አይዝለሉ፤ «ደነገጥህ፣ አይዞህ» ብለው ስሜቱን በስሙ ጠርተው ያቅርቡት።

የክትባት ቀናትን ለማስታወሻ ይጠቀሙባቸው። በ14ኛው ሳምንት ክትባት ጊዜ ሰውን አይቶ ፈገግ የማይል፣ በስድስት ወሩ ወደ ድምፅ የማይዞር፣ በዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ጊዜ እንደ «ባባ» ያለ ድምፅ የማያሰማ ወይም ስሙ ሲጠራ ምላሽ የማይሰጥ፣ በዓመቱ በእጁ ምንም ምልክት የማያሳይ ልጅ በባለሙያ ይታይ። ይዞት የነበረውን ችሎታ ያጣ ልጅ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ሳይዘገይ ይወሰድ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ዕድሜውን ሊወለድበት ከሚገባው ቀን ጀምረው ይቁጠሩ። ልጅ በክሊኒክ ውስጥ እንደ ቤቱ ስለማይሆን፣ ያሳሰበዎትን ነገር ቤት ውስጥ በስልክ ለአንድ ደቂቃ ቀርጸው ይዘው ቢሄዱ ለሐኪሙ በእጅጉ ይጠቅመዋል።