በአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች የመምህርነት ሥራ እንዴት ይፈለጋል?

«በአገሪቱ የመምህር እጥረት አለ» ሲባል ሰምቶ ዲግሪውን ይዞ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ መፈለግ የጀመረ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወሬው ሐሰት ይመስለዋል። ሐሰት አይደለም። እጥረቱ ያለው በአብዛኛው ከከተማ በራቁ ወረዳዎችና እንደ ሂሳብና ፊዚክስ ባሉ ጥቂት የትምህርት ዓይነቶች ሲሆን፣ ሥራ ፈላጊው የተከማቸው ደግሞ በዋና ከተማዋና በዙሪያዋ ነው። በመዲናዋ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሂሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊ በነበርኩባቸው ዓመታት የቅጥር ኮሚቴ አባልም ስለነበርኩ፣ ለአንድ የሲቪክስ መምህር ቦታ ክላሴር ሞልቶ የሚተርፍ ማመልከቻ ሲመጣ፣ ለፊዚክስ ግን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ስልክ እየደወሉ ሰው ሲያፈላልጉ አይቻለሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት መቀጠር የሚፈልግ ሰው የከተማውን ትምህርት ቢሮ ወይም የሚሄድበትን ክልል ማስታወቂያና መሥፈርት መከተል ስላለበት፣ ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የግል ትምህርት ቤት አመልካቾችን የሚመለከት ነው።

መጀመሪያ፦ ምን ምን ማስተማር እንደሚችሉ ይቁጠሩ

ብዙ አመልካች ዲግሪው ላይ የተጻፈውን የትምህርት ዓይነት ብቻ ይዞ ይዞራል። በሥራ ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ብሎ የከፈለ ሲሆን፣ በመካከለኛ ደረጃ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተዋሕደው ጀነራል ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ይሰጣሉ። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃው በር የጠበበበት የባዮሎጂ ተመራቂ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በኩል መግባት ይችላል፤ በእርግጥ የፊዚክሱን ምዕራፍ ደፍሮ ማስተማር ይጠበቅበታል። የታሪክና የጂኦግራፊ ተመራቂዎችም በተመሳሳይ መንገድ ሶሻል ስተዲስን ሊይዙ ይችላሉ።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለመረዳት የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚሠራውን ሰው ችግር ማየት ያስፈልጋል። አንድ ትምህርት ቤት 12 ክፍለ ጊዜ ባዮሎጂና 10 ክፍለ ጊዜ ጀነራል ሳይንስ ሰው ቢያጣለት፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ መምህር ከመቅጠር ሁለቱንም የሚሸፍን አንድ ሰው ማግኘትን ይመርጣል። ማመልከቻዎ ላይ «ባዮሎጂ ከ9ኛ–10ኛ፤ ጀነራል ሳይንስ ከ7ኛ–8ኛ» ብለው ከጻፉ፣ ድልድል ለሚሠራው ሰው ግማሹን ሥራ ቀነሱለት ማለት ነው።

ሰነዶችዎን ያሟሉ፤ ዋናውን ግን ለማንም አይተዉ

የሚጠየቁት የዲግሪ ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ መታወቂያ፣ ልምድ ካለ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ብዙ ጊዜም የዋስ ፎርም ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለባቸው፣ በቅርቡ የተመረቁ አመልካቾች ውጤታቸውንም ቢያያይዙ መልካም ነው። በአፕላይድ ዘርፍ (ከመምህርነት ሥልጠና ውጭ በሆነ ዘርፍ) ተመርቀው ወደ ማስተማር የሚመጡ ሰዎች ደግሞ ፒጂዲቲ የተባለውን የማስተማር ሥልጠና ወስደው ከሆነ፣ ሲቪያቸው ላይ ከዲግሪው ቀጥሎ እንጂ በመጨረሻው ገጽ አይጻፉት። የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባቸው ተመራቂዎች ዋናውን ዲግሪ እስኪያወጡ ድረስ በቴምፖ (በጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ማመልከት ይችላሉ፤ ሆኖም ኦፊሻል ትራንስክሪፕት መቼ ሊያስልኩ እንደሚችሉ ተዘጋጅተው መቅረብ አለባቸው፣ ይህን ጥያቄ የማያነሣ አስተዳደር አላጋጠመኝምና።

የሥራ ልምድ ደብዳቤን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ይሏል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። ደብዳቤውን ሲጠይቁ ያስተማሩት የትምህርት ዓይነትና የክፍል ደረጃ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ደመወዝዎና የሥራ ግብር የተቆረጠበት መሆኑ እንዲጻፍ ያሳስቡ፤ «በመምህርነት አገልግለዋል» የምትል ባለ ሁለት መስመር ወረቀት በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመሄድ ሲያስቡ ትይዝዎታለች።

ዋናውን ማስረጃ አሳይተው ኮፒውን ሰጥተው ይመለሱ። እኔ በመጀመሪያ የተቀጠርኩበት ትምህርት ቤት «ለፋይል» ብሎ የተቀበለኝን ዋናውን ዲግሪ ለማስመለስ፣ ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ለወራት ተመላልሻለሁ። ሲቀበሉኝ ማንም ደረሰኝ አልሰጠኝም፤ እኔም ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር።

ጊዜውን ይወቁ

የቅጥሩ ዋና ወቅት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በዚህ ጊዜ የሚለቁ መምህራንን ለይተው የሚቀጥለውን ዓመት ድልድል ይጀምራሉ። ከዚህ ይልቅ ብዙ ፈላጊ የማያውቀው ሁለተኛው ወቅት ከጳጉሜን እስከ መስከረም ሦስተኛ ሳምንት ያለው ነው። የነሐሴን ደመወዝ ተቀብሎ የተሻለ ወደከፈለው የሚሄድ መምህር በየዓመቱ አይጠፋም፤ ወላጅ ከፍሎ፣ ተማሪ ገብቶ፣ መምህር የሌለው ክፍል ያለበት ርዕሰ መምህር ደግሞ ማስታወቂያ የሚያወጣበት ጊዜ ስለሌለው ክላሴሩን ይከፍታል። ክላሴሩ ውስጥ ከላይ የሚገኘው በቅርቡ የገባው ማመልከቻ ነው። በሰኔ ያስገቡ ሰዎች በጳጉሜን ተመልሰው እንዲያስገቡ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛውና አነስተኛው ወቅት ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የሚጀምርበት የካቲት አካባቢ ነው።

ማስታወቂያ በጋዜጣና በቴሌግራም ቻናሎች ይወጣል፤ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በራቸው ላይ የሚለጥፉት ግን ሌላ ቦታ አይገኝም። ስለዚህ ትራንስፖርቱ የሚያዋጣዎትን አንድ አካባቢ መርጠው በእግር ይዙሩ። በር ላይ የሚያገኙት የመጀመሪያ ሰው ጥበቃው ነው፤ «ማስታወቂያ የለም» ብሎ ሊመልስዎት ይችላል። አክብረው ሰላም ብለው «ጋሼ፣ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ማመልከቻ ለማን ነው የሚሰጠው?» ቢሉ ብዙ ጊዜ የጸሐፊዋን ቢሮ ያሳይዎታል፤ ማን እንደለቀቀም ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለምዝገባ ብር የሚጠይቅ አገናኝ ካጋጠመዎት ትተውት ይሂዱ።

ማመልከቻና የጽሑፍ ፈተና

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የትኛውን ቦታ እንደሚፈልጉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይናገር። ስልክ ቁጥርዎ የሚሠራ ይሁን፤ ቀላል ቢመስልም ስልኩ ስላልሠራ የቀረ ጥሩ አመልካች አውቃለሁ። የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ጊዜ ከተማሪዎች መጽሐፍና ከማስተማር ሥነ ዘዴ የሚወጣ ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲ ደብተርዎን ከማገላበጥ ይልቅ ሊያስተምሩ ያሰቡበትን ክፍል መጽሐፍ መልመጃ ከዳር እስከ ዳር ይሥሩ።

ዴሞ፦ ቅጥሩ የሚወሰንበት ሃያ ደቂቃ

ሥራ ፈላጊዎች አብዛኛውን ድካማቸውን በወረቀት ላይ ያውሉታል፤ እኛ ግን በኮሚቴ ስንቀመጥ የምንከራከረው ስለ ወረቀት አልነበረም። ወረቀት ለዴሞ፣ ማለትም በኮሚቴው ፊት ለሚቀርበው የሙከራ ትምህርት፣ ያደርሳል፤ የሚያስቀጥረው ዴሞው ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ዴሞ የ9ኛ ክፍል ሂሳብ ነበር፤ 20 ደቂቃ ተሰጠኝ። ዓላማ ጻፍኩ፣ ትርጉም ጻፍኩ፣ ከዚያም ባሕርያቱን አንድ በአንድ እየደረደርኩ ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ሞላሁት። ዞር ስል ምክትል ርዕሰ መምህሯ «መምህር፣ ጊዜዎ አልቋል» አሉኝ። አንድም ምሳሌ አልሠራሁም፣ አንድም ሰው አልጠየቅሁም ነበር።

ከዓመታት በኋላ እኔ በወንበሩ በኩል ሆኜ ያየሁት ዴሞ የ7ኛ ክፍል የኔጌቲቭ ቁጥሮች ትምህርት ነበር። አመልካቿ ልምድ የሌላት አዲስ ተመራቂ ነበረች። ሰሌዳው ላይ አንድ ሕንጻ ሣለች፤ ምድር ቤቱን ጂ፣ ከሥሩ ያሉትን ሁለት የመኪና ማቆሚያዎች −1 እና −2 አለቻቸው። ከዚያም «−2 ላይ መኪናውን አቁሞ በሊፍት አምስት ፎቅ የወጣ ሰው የት ይወርዳል?» ብላ ጠየቀች። ተማሪ መስለው ከተቀመጡት የኮሚቴ አባላት አንዱ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ዩኒት ሊደር፣ ሆን ብለው «ሰባተኛ ፎቅ» አሉ። «ስህተት ነው» አላለችም። «ጂ እስኪደርስ ስንት ፎቅ ወጣ?» አለቻቸው። «ሁለት» አሉ። «ከአምስቱ ስንት ቀረው?» «ሦስት።» ጣቷን ሕንጻው ላይ ከጂ ወደ ላይ እያስኬደች ሦስተኛ ፎቅ ላይ አቆመችና ዝም አለች፤ ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው «ሦስተኛ ነው ለካ» አሉ። ውይይታችን ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም።

ከዚህ የሚወሰዱ ተግባራዊ ነገሮች አሉ። ኮሚቴው የሚሰጠውን የተሳሳተ መልስ ይጠብቁ፤ መልሱ መሳሳቱን ሳይሆን የተሳሳተበትን መንገድ የሚያገኝ ጥያቄ አስቀድመው ያዘጋጁ። የተሰጠዎትን ምዕራፍ በሙሉ ለመጨረስ አይሞክሩ፤ አንድ ሐሳብ መርጠው በመግቢያ፣ በምሳሌ፣ ተማሪው በሚሠራው መልመጃና በአጭር መፈተሻ ያጠናቅቁት። የትምህርት ዕቅዱን ጽፈው ለኮሚቴው በኮፒ ይስጡ። ሰሌዳውን ከፍለው ይጠቀሙ፣ ጀርባ ሰጥተው ለረጅም ጊዜ አይጻፉ። ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነና ብዙ የግል ትምህርት ቤቶችም ከዝቅተኛ ክፍሎች ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚያስተምሩ፣ ትምህርቱን ቤትዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያቅርቡት፤ በልብ የታወቀ ነገር ምላስ ላይ ሲደርስ ይሰናከላልና።

ሌላም ትንሽ የምትመስል እንቅፋት አለች። ኮሚቴው ተማሪ ነው ተብሎ የተቀመጠ ቢሆንም አባላቱ በዕድሜም በማዕረግም ይበልጡዎታል፤ «አንተ» ሊሏቸው ያፍራሉ፣ «እርስዎ» ሲሉ ደግሞ ክፍሉ ክፍል መሆኑ ይቀራል። ከመጀመርዎ በፊት «ይቅርታ፣ እንደ ተማሪ ልጥራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ማንም አይከፋውም።

ቃለ መጠይቅና ውል

የግል ትምህርት ቤቶች በ12ኛ ክፍል ውጤት ስማቸው ይነሣል ወይም ይወድቃል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠው ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ «ተማሪዎችህ ስንት አመጡ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ሆኗል። ልምድ ያለዎት ከሆነ ትክክለኛውን ይናገሩ፤ ከሌለዎት ደካማ ተማሪን እንዴት እንደሚለዩና በምን ሰዓት እንደሚረዱ ያስረዱ።

ደመወዝ ሲነገርዎት ቁጥሩ ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ ብለው ይጠይቁ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ ለጡረታ እንደሚቆረጥና አሠሪው 11 በመቶ እንደሚጨምር አስቀድመው ይወቁ። ከሁሉ በላይ የሐምሌና የነሐሴ ደመወዝ ይከፈል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ውሉን ሰኔ 30 ላይ ዘግተው በመስከረም እንደገና የሚያስፈርሙ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ በወር ከፍ ያለ የሚመስለው ክፍያ በዓመት ሲሰላ ሊያንስ ይችላል። የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ደግሞ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራ ሁኔታዎን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥዎት ይገባል። ለመጠየቅ አይፈሩ፤ መጠየቅዎን ብቻ ሰምቶ የሚያባርር ቤት ለመቆየትም አይሆንም።

በሩ ካልተከፈተ

ቤት ለቤት ማስጠናት ገቢም ነው፣ ከወላጅ አፍ ወደ ትምህርት ቤት የሚደርስ ስምም ነው። በታችኛው ክፍል ረዳት መምህር ሆኖ መግባት ደመወዙ አነስተኛ ቢሆንም በመስከረም የሚለቀው ቦታ መጀመሪያ ለውስጥ ሰው ይነገራል። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ ማስተማርን ያልናቀ ሰው ደግሞ ልምድ ይዞ ሲመለስ ከአዲስ ተመራቂዎቹ ክምር ይወጣል፤ በኦሮሚያ አካባቢዎች ለሚያመለክት አፋን ኦሮሞ ማወቅ ትልቅ ብልጫ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምመርጠው ግን የምትክ መምህርነትን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ነው፤ አራት ወር ማለት አንድ መንፈቀ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቶች ለዚህ ጊዜ ማስታወቂያ ማውጣት ስለሚሰለቻቸው ለሚያውቁት ሰው ይደውላሉ፤ ስለዚህ ማመልከቻዎ ግርጌ ላይ «ለምትክ መምህርነትም ዝግጁ ነኝ» የምትል አንድ መስመር ይጨምሩ። ያቺ ሕንጻ የሣለችው መምህርት በዚያ ዓመት ቋሚ ቦታ አልነበረንምና የገባችው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ወላዷ መምህርት ስትመለስ ለእርሷ የ8ኛ ክፍል ድልድል ተገኘላት።